የወንድሜ 18,500 ፓውንድ የሚሄደው ወዴት ነው?

የጉለሌዋ
ጥር 3፣ 2018 · ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ነገሩ ከበደኝና መጣሁ።

ታናሽ ወንድሜ እንግሊዝ አገር ለማስተርስ ተቀባይነት አግኝቷል። የሕዝብ ጤና ነው የሚያጠናው። ዩኒቨርሲቲው ከለንደን ውጭ ነው፤ ስሙን አልጠራም። የዓመቱ ክፍያ 18,500 ፓውንድ ነው። ቦታውን ለመያዝ 5,000 ፓውንድ ቅድሚያ ክፈሉ ብለውናል። ቀነ ገደቡ የካቲት መጨረሻ ነው።

እኛ ቤት እንዲህ ያለ ገንዘብ ኖሮ አያውቅም። አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ሰበታ ያለችንን ቦታ እንሽጥ ብሏል። እናቴ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ወርቋን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። እስካሁን እዚያው ነው።

ያሳዘነኝ ደግሞ ሌላ ነው። ያን ቦታ ለዚሁ ጉዳይ ለመሸጥ ያሰብነው ገና ድሮ ነበር። ያኔ ፓውንድ በባንክ 73 ብር አካባቢ ነበር። ወንድሜ «ትንሽ የሥራ ልምድ ልያዝ» ብሎ ጤና ጣቢያ ገባ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ዛሬ ፓውንድ 200 ብር አካባቢ ነው። ትምህርቱ ያው ትምህርት ነው፤ እኛ ላይ ግን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ሐሙስ ማታ ወንድሜ ድረ ገጻቸውን ሲያይ፣ ለዚያው ትምህርት የእንግሊዝ ልጅ የሚከፍለው 9,800 መሆኑን አነበበ። ግማሽ ገደማ! አባቴ «ለውጭ ተማሪ የተለየ እንክብካቤ ስላለው ይሆናል» አለ። እኔን አልተዋጠልኝም። በዚያ ላይ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ አጥሯቸው ሠራተኛ እየቀነሱ ነው ይባላል። ከእኛ ይህን ያህል እየተቀበሉ እንዴት ያጥራቸዋል? የሚያውቅ ሰው ካለ ያስረዳኝ።

እማማ ኮተቤ
ጥር 3 · ማታ 3፡40

ልጄ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። የእናትሽ ወርቅ ነገር ሆዴን በላኝ። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። ወርቁን ከጠረጴዛው አንሱት። ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰው ረጋ ብሎ አያስብም።

ሒሳብ ሹም
ጥር 4 · ጠዋት 1፡25

እህቴ፣ እኔ እዚሁ እንግሊዝ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። 11 ዓመቴ ነው። አባትሽን በአክብሮት ላርማቸው። የተለየ እንክብካቤ የለም። ወንድምሽና የእንግሊዙ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንድ መምህር ያስተምራቸዋል፣ አንድ ፈተና ይፈተናሉ። የሚለያዩት በሚመጣላቸው ደረሰኝ ብቻ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከባችለር ተማሪዎች ነው። ያገሩ ልጅ በሚከፍለው ላይ መንግሥት ጣሪያ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጣሪያው 9,000 ፓውንድ ሆነ። በ2017 9,250 ገባ። ከዚያ እዚያው ቆመ። በመሃል ጋዝና መብራት ጨመረ፣ ደመወዝ ጨመረ፣ የጡረታ መዋጮ ጨመረ። ወደ 9,535 ከፍ ያለው ገና ባለፈው መስከረም ነው። ስለዚህ ያገሩን ልጅ ማስተማር ለብዙ ዩኒቨርሲቲ ኪሳራ ሆኗል።

ምርምርም እንደዚያው ነው። የመንግሥት የምርምር ምክር ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍኑት ከሙሉ ወጪው 80 በመቶውን ነው። ቀሪውን ዩኒቨርሲቲው ከየትም ፈልጎ ያሟላል። ከየት? ጣሪያ ከሌለው ክፍያ ነዋ። ለውጭ ተማሪ ጣሪያ የለውም። ማስተርስ ላይ ላገሩ ልጅም ጣሪያ የለም፤ ግን አገሬው ይህን ያህል ስለማይከፍል ዋጋውን ዝቅ ያደርጉለታል።

ይህ አሠራር ዛሬ አልመጣም። የውጭ ተማሪ ሙሉ ወጪውን ይክፈል ተብሎ የተወሰነው በታቸር ጊዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ። ያኔ የተባለው «ሙሉ ወጪ» ነበር። አሁን ከወጪው አልፎ የሌላውን ጉድለት የሚሞላ ሆኗል። የወንድምሽ 18,500 የእሱ ትምህርት ዋጋ ብቻ አይደለም። ከፊሉ የእንግሊዙን ልጅ ወንበር ይደግፋል፣ ከፊሉ ቤተ ሙከራውን።

ታዲያ ለምን አጠራቸው? እ.ኤ.አ. በ2021 ከምረቃ በኋላ ሁለት ዓመት መሥራት የሚያስችል ቪዛ ተጀመረ። ከህንድና ከናይጄሪያ ተማሪ ጎረፈ። አለቆቻችን ይህ ጎርፍ የማያቋርጥ መሰላቸው። ሕንፃ ተጀመረ፣ ሰው ተቀጠረ። እኔ ራሴ ያን በጀት በቁጥር ሳሰፍር ነበርኩ፤ የሚቀጥለው ዓመት ዓምድ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ ነበር የሚሄደው። ከዚያ በጁን 2023 የናይጄሪያ ናይራ ወደቀ። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ የማስተርስ ተማሪ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እንዳይመጣ ተከለከለ። ተማሪው ቀረ፤ ሕንፃውና ደመወዙ ግን አለ።

ዳንዲ ዩኒቨርሲቲን ተመልከቺ። ስኮትላንድ ውስጥ ያገሩ ልጅ ራሱ አይከፍልም፤ የሚከፍልለት መንግሥት ነው፣ ቁጥሩንም የሚወስነው መንግሥት ነው። ስለዚህ የውጭ ተማሪ እዚያ ይበልጥ ይፈለጋል። በ2024 መጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ወደ 35 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድለት አለብኝ አለ። ፕሬዚዳንቱ ለቀቁ። በማርች 2025 ከ600 በላይ የሥራ መደቦችን የሚቀንስ ዕቅድ ወጣ። የመንግሥት ድጎማ ባይደርስለት ኖሮ አልቆለት ነበር። በጁን የወጣው የምርመራ ሪፖርት ግን የተማሪ መቀነስን ብቻ ሰበብ አላደረገም። አመራሩ ሒሳቡን በአግባቡ አልተከታተለም ብሏል። እኔም ይህን አምናለሁ። ተማሪ መቅረቱን ማንም ሊገምት ይችል ነበር።

ዳንዲ ብቻውን አይደለም። በሜይ 2025 የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባወጣው ግምገማ፣ 43 በመቶ የሚሆኑት ተቋማት ዓመቱን በጉድለት እንደሚዘጉ ራሳቸው ገምተዋል።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር
ጥር 4 · ጠዋት 4፡05

ይህን አንብቤ ደሜ ፈላ። የሰበታ ቦታ ተሽጦ የእንግሊዝ ልጅ ወንበር ይደገፋል ማለት ነው? የኢትዮጵያ ጡረተኛ አስተማሪ የሀብታም አገር ዩኒቨርሲቲ ቀዳዳ ይድፈን? እኔ ብሆን አንድ ፓውንድ አልልክም ነበር።

ብርሃን በሰሜን
ጥር 4 · ቀን 7፡30

ወንድሜ ሐዋሳ፣ ቁጣህ ይገባኛል። ግን የከፈልኩትም እኔ ነኝና ልናገር።

እኔ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የመጣሁት። ለማስተርስ 16,000 ፓውንድ ከፍያለሁ። ግማሹን ዱባይ ያለችው አክስቴ አበደረችኝ። በትምህርት ጊዜ የተፈቀደልኝ በሳምንት 20 ሰዓት ሥራ ነበር፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠራሁ። ሌሊት ሠርቼ ጠዋት ክፍል የምገባባቸው ቀናት ነበሩ። የአክስቴን ብድር ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ዛሬ በሙያዬ ሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ። አልቆጨኝም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ልወስደው የመጣሁት ኮርስ ተሰረዘ። መምህሯ በፈቃዳቸው ከለቀቁት አንዷ ነበረች። በምትኩ ሌላ ኮርስ ሰጡን። ዝም አልኩ። የቅሬታ ማመልከቻ መጻፍ እንደምችል እንኳ አላውቅም ነበር። እንግዳ ነኝ፣ የቪዛዬም ነገር በእነሱ እጅ ነው ብዬ ፈራሁ። ይህን ያህል የከፈለ ሰው እንዲያ መፍራት አልነበረበትም።

የጉለሌዋ
ጥር 4 · ማታ 2፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ ሒሳብ ሹም፣ የጻፉትን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስጨርስ «እኔ እኮ በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ዓይነት ጉድለት አውቃለሁ፤ ግን ከወላጅ ኪስ እንዲህ ሲሞላ አላየሁም» አለ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ ያመለከትነው በኤጀንት ነው። ኤጀንቱ አንድም ብር አልተቀበለንም። «ነፃ ነው» ነው ያለን። ወንድማችሁ ሲመረቅ ሁለት ዓመት ይሠራል፣ ገንዘባችሁን ይመልሳል አለን። ይህስ እውነት ነው?

የቦሌ ቢሮ
ጥር 4 · ማታ 3፡50

እህት፣ እኔ እንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ትቼዋለሁ። ነፃ የሆነው ለእናንተ ነው። ተማሪው ሄዶ ከተመዘገበ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ለቢሮው ኮሚሽን ይከፍላል፤ ከመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ላይ በመቶኛ ይሰላል። መቶኛው ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ብዙ የሚከፍለው ተማሪ የራቀው ዩኒቨርሲቲ ነው። ስማቸው የገነኑት ጥቂት ይከፍላሉ፤ ተማሪ ራሱ ይፈልጋቸዋላ።

እኔ ማንንም አልዋሸሁም። ግን አንድ ልጅ ሦስት ቦታ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ አለቃዬ የትኛውን ደጋግመን እንድናነሳበት እንደሚፈልግ አውቅ ነበር። ያ ነገር ነው ሥራውን ያስተወኝ። ኤጀንቱን በቀጥታ ጠይቁት፦ «ከዚህ ትምህርት ቤት ስንት በመቶ ታገኛለህ?» በሉት። ጨዋ ከሆነ ይነግራችኋል።

ኦታዋ በረዶ
ጥር 5 · ጠዋት 12፡40

ከካናዳ ልጨምር። እዚህ ኦንታሪዮ ያየነው ከእንግሊዝ አይለይም። እንደውም የባሰ ነው።

የክፍለ ሀገሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ያገሩን ተማሪ ክፍያ 10 በመቶ ቀነሰና እዚያው ላይ አቆመው። ሕዝቡ ደስ አለው። ኮሌጆቹ ግን ጉድለቱን በውጭ ተማሪ ሞሉት። በ2021 የኦንታሪዮ ዋና ኦዲተር ያወጣችው ሪፖርት አለ፤ በመንግሥት ኮሌጆች የውጭ ተማሪው 30 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ ከትምህርት ክፍያ ገቢው 68 በመቶው የሚመጣው ከእሱ ነበር። አስቡት። ከአሥር ተማሪ ሦስቱ፣ ከአሥር ብር ሰባቱን ሊጠጋ ይከፍላሉ።

ከዚያ በጃንዋሪ 2024 የፌደራል መንግሥት በቤት ኪራይ ምሬት ተነሳና የተማሪ ፈቃድ ላይ ገደብ ጣለ። ወዲያው ታየ። ሸሪዳን ኮሌጅ 40 ፕሮግራሞችን አገደ። ሴኔካ ኮሌጅ የማርካም ካምፓሱን ለጊዜው ዘጋ። እኔ የተማርኩበት ኮሌጅም፣ ስሙ ይቅርና፣ የእኔን ትምህርት አዲስ ተማሪ መቀበል አቆመ። እኛ ውስጥ የነበርነው እንድንጨርስ ተደርገናል፤ ይህን አልክድም። ግን የመጨረሻውን ዓመት የተማርነው በባዶ ኮሪደር ነው። ላይብረሪው ቀድሞ ይዘጋል፣ አማካሪያችን ተቀንሳለች፣ ካፌው የለም። ክፍያው ግን አልቀነሰም።

ሲብስ ደግሞ ከኖቬምበር 1፣ 2024 ጀምሮ ያመለከቱ የኮሌጅ ተማሪዎች ከምረቃ በኋላ የሥራ ፈቃድ የሚያገኙት ትምህርታቸው በመንግሥት ዝርዝር ውስጥ ካለ ነው። ኤጀንት አሮጌውን ሕግ ነግሯቸው የመጡ ልጆች አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሲያለቅሱ አግኝቻቸዋለሁ።

ሉንድ 2002
ጥር 5 · ቀን 9፡20

እኔ ስዊድን የተማርኩት በ2002 ዓ.ም. ነው። ያኔ ክፍያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ለኢትዮጵያዊም ለስዊድናዊም። የምንጨነቀው ለቤት ኪራይና ለምግብ ብቻ ነበር። ክፍላችን ውስጥ አራት ሐበሾች ነበርን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በመጣ በርበሬ ወጥ ሠርተን ፓኪስታኖቹንና ቻይናዎቹን እንጠራለን።

እ.ኤ.አ. ከ2011 መኸር ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ እንዲከፍል ተደረገ። በዚያው ዓመት ከእኛ አካባቢ የሚመጣው ተማሪ እጅግ አሽቆለቆለ። ቅዳሜያችን ባዶ ሆነ። ኖርዌይም በ2023 ያንኑ አደረገች፣ ያንኑ አየች።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የስዊድን ሕግ ክፍያው የማስተማሪያውን ወጪ ይሸፍን ነው የሚለው። የእንግሊዙ ግን፣ ሒሳብ ሹም እንዳሉት፣ ሌላ ቀዳዳም ይደፍናል። ይህ ለእኔ ትልቅ ልዩነት ነው።

ደግሞ እንግሊዝ ብቻ አይታያችሁ። ጀርመን አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አሁንም አያስከፍልም። ባደን ቩርተምበርግ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፣ ሙኒክ ያለው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በ2024 ጀምሯል። ለቪዛ ግን በዝግ አካውንት 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ ይጠየቃል። እሱም ለዩኒቨርሲቲው አይሄድም፤ ልጁ ራሱ በየወሩ እያወጣ ይበላዋል። ይህ ለቤተሰብ ሌላ ነገር ነው።

ሒሳብ ሹም
ጥር 5 · ማታ 4፡00

የጉለሌዋ፣ ለጠየቅሽው ልመልስ። «ሁለት ዓመት ይሠራል» የሚለው ለወንድምሽ እውነት አይደለም። ከጃንዋሪ 1፣ 2027 ጀምሮ ለሚያመለክት የማስተርስ ምሩቅ ቪዛው 18 ወር ሆኗል። ወንድምሽ በመጪው መስከረም ቢጀምር የሚጨርሰው በ2027 ነው። ስለዚህ 18 ወር ነው የሚያገኘው። ኤጀንቱ ይህን አለማወቁ ይከብደኛል።

ወጪውን እናስላ። ክፍያ 18,500። የቪዛ ማመልከቻ 524። የጤና ክፍያ በዓመት 776 ነው፤ የአንድ ዓመት ማስተርስ ቪዛ ግን ከዓመት ስለሚያልፍ 1,164 ይሆናል። ለኑሮ ደግሞ ከለንደን ውጭ በወር 1,171፣ ለዘጠኝ ወር 10,539 በባንክ ማሳየት አለበት። ሁሉም ሲደመር 30,727 ፓውንድ። በዛሬው ምንዛሪ ከ6 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ትኬት አልቆጠርኩም።

ልብ በይ፣ ቅድሚያውን 5,000 ከከፈላችሁ በኋላም የቀረው ክፍያና የኑሮው ገንዘብ አንድ ላይ 28 ተከታታይ ቀን ከባንክ ሳይነቃነቅ መቀመጥ አለበት። 24,039 ፓውንድ ማለት ነው። በ27ኛው ቀን አንድ ቀን ዝቅ ካለ ቪዛው ይከለከላል። ዘመድ አበድሮ መልሶ የሚወስደው ገንዘብ ብዙ ልጅ ያስመታው እዚህ ላይ ነው።

ቅድሚያ ክፍያ ለምን እንደሚጠየቅም ልንገርሽ። ዩኒቨርሲቲው ከጋበዛቸው ተማሪዎች ቪዛ የሚከለከሉት ከ10 በመቶ መድረስ የለባቸውም ይባል ነበር፤ አሁን ወደ 5 በመቶ እየወረደ ነው። ከዚያ ካለፈ የመጋበዝ ፈቃዱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አስቀድመው ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ፣ ያጣራሉ። በ2028 ደግሞ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲዎቹ በአንድ የውጭ ተማሪ 925 ፓውንድ በዓመት ሊወስድ ነው። ያ ገንዘብ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አንቺም ትገምቻለሽ። ወንድምሽን ግን አይደርስበትም።

አሁን የምትጠይቁትን ልስጥሽ። ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ የተመረመረ የሒሳብ መግለጫ ያወጣሉ። ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ይገኛል። የገቢ ማብራሪያው ውስጥ የትምህርት ክፍያ በአገር ውስጥና በውጭ ተማሪ ተከፋፍሎ ተጽፏል። የውጭው ከግማሽ በላይ ከሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀጥሎ ጥሬ ገንዘቡ ለስንት ቀን እንደሚበቃ እዩ። ከ30 ቀን በታች የሆነ ተቋም ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት። ሌላው፣ እያንዳንዱ የተመዘገበ የእንግሊዝ ተቋም «የተማሪ ጥበቃ ዕቅድ» ሊኖረው ይገባል። ትምህርቱ ቢዘጋ ምን እንደሚያደርግላችሁ እዚያ ላይ ተጽፏል። እሱን ጠይቁ። ቪዛ ከተከለከለ 5,000ው ይመለሳል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ሁሉንም በኢሜይል። በስልክ የተባለ ነገር አይያዝም።

ሌላም ልጠይቅሽ። ወንድምሽ ጤና ጣቢያ የሠራው ስንት ዓመት ነው? ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነ የእንግሊዝ መንግሥት ለሚሰጠው ለቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ማመልከት ይችላል። የዘንድሮው አልፏል። ማመልከቻው ኦገስት አካባቢ ይከፈታል። ሙሉ ክፍያውን፣ ትኬቱንም ይችላል። ሲጨርስ ግን ሁለት ዓመት አገሩ መመለስ አለበት።

እማማ ኮተቤ
ጥር 6 · ጠዋት 2፡30

እግዜር ይስጥልን። እንዲህ የሚያስረዳ ሰው ለስንቱ ቤት ባገኘን።

የጉለሌዋ
ጥር 16 · ማታ 2፡45

ይቅርታ፣ ዘግይቻለሁ። ቤታችን ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር የከረመው።

ወንድሜ ጤና ጣቢያ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ስለ ቼቭኒንግ ስነግረው መጀመሪያ ተናደደ። «አንድ ዓመት ልቀመጥ ነው?» አለ። አልፈረድኩበትም። ደብዳቤው ሲመጣ ለጓደኞቹ ሁሉ ነግሯል።

ኤጀንቱን ስንት በመቶ ታገኛለህ አልነው። ሳቀና «ይህ የቢሮ ምስጢር ነው» አለ። የ18 ወሩን ስንነግረው ዝም አለ። ዩኒቨርሲቲው ግን በሁለት ቀን መለሰ፤ ይህን መናገር አለብኝ። ቪዛ ከተከለከለ 5,000ው ይመለሳል። ሐሳባችንን ከቀየርን አይመለስም። የጥበቃ ዕቅዳቸውንም ላኩልን።

አባቴ የሒሳብ መግለጫውን አሳተመው። 60 ምናምን ገጽ ነው። መዝገበ ቃላት ይዞ፣ ድሮ ፈተና በሚያርምበት ቀይ እስክሪብቶ እያሰመረ ሦስት ማታ አነበበው። ገቢው ያለበትን ገጽ ሲያገኝ ጠራኝ። ከትምህርት ክፍያው ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከውጭ ተማሪ ነው። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «ይህን ቤት ተሸክመን የያዝነው እኛ ነና» አለ።

ቦታዋ ለጊዜው አትሸጥም። ወንድሜም ትናንት ማታ ራሱ መጥቶ «እሺ፣ በኦገስት አመለክታለሁ» አለኝ። ወርቁን እናቴ መልሳ ቁምሳጥን ውስጥ አስገብታዋለች፣ እማማ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ዩኒቨርሲቲው ቦታውን ለሚቀጥለው ዓመት ላሸጋግርላችሁ እችላለሁ ብሏል። ዋጋው ግን ያው 18,500 ይሆናል ወይ?

ሒሳብ ሹም
ጥር 16 · ማታ 4፡20

አባትሽ ከብዙ የዩኒቨርሲቲ ቦርድ አባል የተሻለ አንብበዋል። ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ዋጋው ያው ይሆናል ብለሽ አትጠብቂ። በአብዛኛው የሚታሰበው ትምህርቱ በሚጀመርበት ዓመት ዋጋ ነው፤ ለውጭ ተማሪ ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል። ቦታውን ሲያሸጋግሩ ዋጋውንም በጽሑፍ ይግለጹልን በያቸው። ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቁ የሚያሸጋግሩ ከሆነም ያንኑ በጽሑፍ አስደርጊ። የመለሱልሽን ኢሜይልና ያን ባለ 60 ገጽ ፋይል በግል መልእክት ላኪልኝ። ነገ ከሥራ ስወጣ የጥሬ ገንዘቡን ገጽ አየዋለሁ።